ሐጂ ያጠበቁት ዳዶ

ወንድሜ አሚኑ እግሩን ያጣው ልጄ ናጃህ ገና ጡት ሳትጥል ነው። ዛሬ ናጃህ ቁመቷ ከእኔ እኩል ሆኗል፤ ያን ቀን የዋጥኩትን ነገር ግን እስካሁን አልተፋሁትም። የቀድሞዋ መኪናችን በአረፋ ማግስት እዚሁ ቡታጅራ ግቢያችን ውስጥ ተጠግና ወጣች። ቆሼ መንገድ ላይ የኋላ ጎማዋ ወልቆ ሄደ። ባሌ ይነዳል፣ አሚኑ ረዳት ሆኖ ጭነቱ ላይ ነበር፤ መኪናዋ ስትገለበጥ ከነበርበሬው እግሩ ላይ ወደቀች። አዲስ አበባ ድረስ ወስደውት ከጉልበቱ በታች ቆርጠው መለሱልኝ።

ሰው ሁሉ እየመጣ «ቀደር ነው፣ የአላህ ውሳኔ ነው» አለኝ። ቀደር መሆኑን እኔም አላጣሁትም። ያን ጎማ ማን እንዳጠበቀው ግን ግቢው ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ያውቃል፤ አንድም ሰው አፉን ከፍቶ አልተናገረም። እኔ ልናገር ስል ባሌ ሙስተፋ ክንዴን ይዞ ጓዳ አስገባኝ። አሚኑም ሱቅ ተከፈተለትና ክራንቹን ተደግፎ ስኳርና ሳሙና እየሸጠ መኖር ጀመረ። ነገሩ በዚህ ተዘጋ ተባለ።

ትምህርቴ የመሠረተ ትምህርት ነው፤ ፊደል ቆጥሬ፣ ስሜን መጻፍ ስችል አቆምኩ። ይህን የምጽፈው የተማሩት ስላልጻፉት ነው።

የእኛ አገር ሰው ቤቱ የሚገባው ለአረፋ ነው። መርካቶ ያለውም፣ ወልቂጤ ያለውም፣ ሁሉም ይመጣል። ቤት ማቆምም ሆነ አጥር ማጠር ሰው በተሰበሰበበት ይሠራል። የሙስተፋ ዘመዶች ይህንኑ ወግ ወደ መኪና አመጡት። አይሱዙዋ ዓመቱን ሙሉ ስታነክስ ትከርማለች፤ ለአረፋ የአጎት ልጆች ዕቃውን ከመርካቶ ይዘው ይመጡና እጅጌያቸውን ሰብስበው ግቢ ውስጥ ይፈቷታል። ጋራዥ መውሰድ «ሰው የላቸውም እንዴ?» ያሰኛል። አንዱ ይፈታል፣ ሌላው ያጥባል፣ ሌላው ይገጥማል። መጨረሻ የተገጠመውን ዕቃ ብሎን የሚያስረውን ዳዶ ግን ወጣት አያጠብቀውም። በጣታቸው አዙረው ያስይዙትና መፍቻውን ለቤቱ ትልቅ ሰው ይሰጣሉ። እሱ «ቢስሚላህ» ብሎ ያጠብቃል፣ ዱዓ ያደርጋል፣ ሁሉም አሚን ብሎ ወደ ምግቡ ይገባል። ከዚያ ወዲያ ያን ዳዶ የሚነካ የለም። በትልቅ ሰው እጅ ላይ እጅ መደረብ «ደክመሃል፣ አልቻልክም» ብሎ መስደብ ነው።

የቤቱ ትልቅ ሰው የባሌ ታላቅ ወንድም ሐጂ ዑመይር ናቸው። ክፉ ቃል ከአፋቸው ወጥቶ አላውቅም። ዕድሜያቸውን ሙሉ ጨርቅ በክንድ እየለኩ የኖሩ ነጋዴ ናቸው፤ እጃቸው ብረት አልለመደም። የአሚኑን ጎማ መጨረሻ ላይ ያጠበቁት እሳቸው ናቸው። ይኸው ጻፍኩት።

የዘጠና ስምንቱ አረፋ ጥር መግቢያ ላይ ዋለ። የዚያን ዓመት የተቀየረው የኋላው ባሌስትራ፣ ጭነቱን የሚሸከመው ድርብርብ ብረት ነበር፣ ግራም ቀኝም። የቀኙን ጎረምሶቹ ጠዋት እያላባቸው አጥብቀው ጨረሱ። የግራው የተገጠመው የዙሁር ሶላት ሲቃረብ ስለሆነ ለሐጂ ደረሰ። መኪናዋ ገና ክሪክ ላይ እንደተንጠለጠለች ዳዶዎቹን ተራ በተራ ነካ ነካ አደረጓቸው፣ መዳፋቸውን አሸት አሸት አደረጉ፣ ከዚያ ዱዓ፣ ከዚያ አሚን። እኔ ጓዳው በር ላይ ቆሜ አያለሁ። ሙስተፋ ማየቴን አየና በዓይኑ ወደ ውስጥ መለሰኝ።

እንግዶቹ ሲበተኑ እኔና ሙስተፋ በርበሬ ጭነን ቡኢ ሄድን። ስንሄድ መኪናዋ ሙሉ ስለነበረች እምብዛም አልሰማሁም። ስንመለስ ባዶዋን ሆነች፤ ያን ጊዜ ሰማሁት።

«የናጃህ አባት፣ ይሰማሃል?»

«ምኑ?»

«ከኋላ፣ በአንተ በኩል። ጓ የሚለው።»

«ባዶ መኪና አይጮህም? ሸክም ሲወርድላት ደስ ብሏት ነው።» ሳቀና የመንዙማውን ካሴት ድምፅ ከፍ አደረገው።

«ቀንሰው እስቲ።»

«መንዙማ ቀንስ ትላለች! አዑዙቢላህ! የዘንድሮ ሴት።»

ከከተማው ወጣ እንዳልን፣ ሐጂ ዑመይር ጃንጥላቸውን ዘርግተው መንገድ ዳር ታክሲ ሲጠብቁ አየን። ለቅሶ ደርሰው ሲመለሱ ነው። ሙስተፋ አቆመ። እኔ ወደ መሀል ተጠጋሁና ሐጂ በመስኮቱ በኩል ገቡ።

«አሰላሙ ዓለይኩም። አላህ ነው ያመጣችሁ! ታክሲው ሁሉ ሞልቶ ያልፋል።»

«ወዓለይኩም ሰላም፣ ሐጂ። ይመችዎ፣ በሩን ሳብ ያድርጉት» አለ ሙስተፋ።

መኪናዋ ስትነሳ ጓ አለች። ከብት መንገዱን አቋርጦ ሙስተፋ ፍሬን ሲይዝ ደግሞ ጓ አለች። እኔ ነገን አሰብኩ። ነገ የጎረቤታችንን ልጅ ሰርገኞች ቆሼ የምታደርሰው ይህችው መኪና ናት። ናጃህ ከሙሽራዋ ጓደኞች ጋር ጭነቱ ላይ ልትሳፈር ልብሷን ከተኮሰች ቆይታለች። ያው መንገድ። ያው ጭነት ላይ።

«አቁም» አልኩት።

«ምን ሆንሽ?»

«ልወርድ ነው። በእግሬ እገባለሁ።»

«ልጄ፣ ይህን ፀሐይ አታዪውም?» አሉ ሐጂ።

«ፀሐይ እግር አይቆርጥም፣ ሐጂ።»

ሙስተፋ በንዴት ዳር አስይዞ አቆመ። ሐጂ ለእኔ መውረጃ ሊሰጡ ወረዱ፤ እኔም ተከትዬ ወረድኩና ወደ ኋላው ጎማ ሄድኩ።

«እስቲ ትንሽ ወደፊት ሂድና ፍሬን ያዝ!» ብዬ ጮህኩ።

«ሰው እያየን ነው፣ አንቺ ሴትዮ! ግቢ!»

ሐጂ ጃንጥላቸውን እንደያዙ «አንዴ አድርግላትና ትግባልን» አሉት። አደረገው። ሲነሳ ጓ፣ ሲይዝ ጓ። ሐጂ አጠገቤ ስለነበሩ እሳቸውም ሰሙት።

«ድምፅማ አለው» አሉ። «አዲስ ብረት ነው፤ እስኪላመድ ነው። አዲስ ጫማስ ይጮህ የለ?»

«አዲስ ጫማ በየርምጃው ነው የሚጮኸው። ይሄ ሲነሳ አንዴ፣ ሲቆም አንዴ ብቻ ነው።»

ሙስተፋ ከጋቢናው ወርዶ መጣ። «ድንጋይ ይሆናል፣ ጎማው መሀል የገባ።»

«ድንጋይ ቢሆን ጎማው በዞረ ቁጥር ይጮህ ነበር።»

«እንግዲያው የጭነቱ ሳንቃ ነው።»

«ሳንቃ ቢሆን በየጉድጓዱ ይንኳኳ ነበር። ጉድጓድ ላይ ጆሮዬን ጥዬ ነበር፣ አልተንኳኳም። የሆነ ነገር ወደ ኋላ ይቀርና ድንገት ይከተላል፤ እኔ የሚሰማኝ ይሄ ነው። ያልተያዘ ነገር አለ።»

«መካኒክ ሆነችልን! ሐጂ ይስሙልኝ እንግዲህ።»

«ሐጂማ እየሰሙ ነው። አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። አዲስ ብረት ስለሆነ ነው ካላችሁ፣ የቀኙም አዲስ ነው። ከአንድ ካርቶን የወጡ ናቸው። የቀኙ ለምን አይጮህም?»

የቀኙን ማን እንዳጠበቀ፣ የግራውን ማን እንዳጠበቀ ሦስታችንም እናውቃለን። ሙስተፋ ጫማውን እያየ «አላህን ፍሪ» አለኝ በዝግታ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። እኛ አገር ሰው በመኪና ይሞታል፤ ሬድዮው ፍጥነት ነው ይላል፣ ትራፊኩ ጭነት ነው ይላል። አይሱዙን ሰዉ «አልቃይዳ» ብሎ የጠራት በከንቱ አይደለም። እንደ እኔ አሳብ ግን ከፍጥነቱም ከጭነቱም የባሰ ይሉኝታችን ይገድላል። የላላውን አይተን፣ ያላላውን አውቀን፣ ቅር እንዳይለው ብለን ዝም ብለን እንሳፈራለን። ልጆቻችንንም እናሳፍራለን።

ሐጂ ጃንጥላቸውን አጠፉት። «ሳሌሃ» አሉኝ፤ በስሜ ሲጠሩኝ ቁጣ ነው። «እጄን ነው የምትጠረጥሪው?»

«እጅዎን አይደለም፣ ሐጂ። ዳዶውን ነው።»

«ዱዓ ያደረግሁበትን?»

«ዱዓዎን አልፈታውም። ዳዶውን ላጠብቀው ነው የምለው።»

«ያው ነው! እኔ የዘጋሁትን ሌላ ሰው ከከፈተው፣ ነገ ማን ያከብረኛል? ዛሬ አንቺ መኪና ላይ ትደርቢብኛለሽ፣ ነገ ልጆቹ በሽምግልና ቃሌ ላይ ይደርቡብኛል። ደግሞ ሥራውን በነፃ የሠራልሽን ሰው ጉድለቱን ስትቆጥሪ፣ ለከርሞ ማን ይመጣልሻል? ይህ ወግ ከሌለ ዘመድ የለም፣ ልጄ። ለዳዶ ብለሽ ዘመድ ታፈርሻለሽ?»

ልክ ያልሆነ ነገር አልተናገሩም፤ ያ ነው ተስፋ ያስቆረጠኝ። እውነት ነው ይቀየማሉ፣ እውነት ነው ይቀራሉ። አንድ ነገር ብቻ ትዝ አለኝ፣ ከልጅነቴ መስጊድ ውስጥ ከሴቶቹ በኩል ሆኜ የማውቀው።

«ሐጂ፣ እርስዎ ሲያሰግዱ ረከዓ ቢሳሳትብዎ ከኋላዎ ያለው ሰው ዝም ይላል?»

«ለምን ዝም ይላል? ‹ሱብሃነላህ› ብሎ ያስታውሰኛል።»

«ልጅ ቢሆንም?»

«ልጅም ቢሆን።»

«ይቀየሙታል?»

«ለሶላት ይቀየማል እንዴ? ዝም ቢል ነው እንጂ የምቀየመው፤ የሁሉም ሶላት ነው የሚበላሸው።»

«ሴት ከሆነችስ?»

«ሴት... ድምፅ አታሰማም። ታጨበጭባለች።»

ሁለት እጄን አንስቼ አጨበጨብኩ፤ እዚያው አስፋልቱ ዳር፣ መንገደኛው እያየኝ። «ይኸው እያጨበጨብኩልዎ ነው፣ ሐጂ። መኪናዋም ከቡኢ ጀምራ እያጨበጨበችልዎ ነው።»

ሙስተፋ «ያ አላህ» ብሎ ፊቱን ሸፈነ።

ሐጂ ጃንጥላውን ለሙስተፋ ሰጡት። «መፍቻውን አውጣላት።»

«ሐጂ፣ እኔ ላየው...»

«ለእሷ ስጣት አልኩህ።»

ከስር ገባሁ። ባሌስትራውን ከጎማው ዘንግ፣ ከአክሰሉ ጋር አንቀው የሚይዙት ረጃጅም ብሎኖች አጠገብ ቀለሙ ተፍቆ ብረቱ ያብለጨልጫል፤ ወዲያና ወዲህ ሲፋተግ ከርሟል። መፍቻውን ማስገባት አላስፈለገኝም። ዳዶውን በጣቶቼ ያዝኩት፣ እንደ ጠርሙስ ክዳን ዞረ። ሙስተፋም ጎንበስ ብሎ አየና ጨርቁ ሳያሳስበው አጠገቤ ተጋደመ። ሁሉንም አጠበቅናቸው፤ እኔ መፍቻውን ስይዝ እሱ እጀታውን በቱቦ አስረዝሞ ተጫነው።

ስንወጣ ሐጂ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው መዳፋቸውን ያያሉ።

«የአሚኑንም እንዲሁ ነው ያጠበቅሁት» አሉ።

«አውቃለሁ።»

«ሙስተፋስ?»

«እኔም አውቃለሁ፣ ሐጂ» አለ ባሌ።

«ሁላችሁም?»

«ሁላችንም» አልኩ። «ለእርስዎ ብለን ነው ዝም ያልነው።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «አይ ልጄ፣ ለእኔስ አላሰባችሁልኝም። ያን ጊዜ ብትነግሩኝ ኖሮ ዘንድሮ መፍቻ እይዝ ነበር? ከዚያ ወዲህ ስንት ነገር አጥብቄላችኋለሁ! በስንቱ ላይ ልጆቻችሁን አሳፈራችሁ?»

ያን ሁሉ ዓመት ቂሜን ስሸከም የተበደልነው እኔና አሚኑ ብቻ የሆንን ይመስለኝ ነበር። ዝም ስንላቸው እኚህን ሽማግሌም ገደል አፋፍ ላይ አቁመን እንደተውናቸው ያን ቀን ገባኝ። መግባቱ አላስደሰተኝም። ማንን እንደምጠላ እንኳ ጠፋኝ።

በቀስታ እየነዳን ቡታጅራ ገባንና ቀጥታ ጋራዥ ወሰድናት። መካኒኩ ፈቶ ሲያየው ባሌስትራውን መሀል ለመሀል የሚይዘው ብሎን ተቆርጦ ነበር። «በዚህ ሰው ጭናችሁ ወደ ቆሼ ብትወርዱ ኖሮ...» አለና አልጨረሰውም። ሰርገኞቹ በሚኒባስ ሄዱ። ቦታ ስለጠበበ ናጃህ ቀረች፤ ለረጅም ጊዜ አኮረፈችኝ። ለምን እንደቀረች ብነግራትም «ሁልጊዜ ይሄዳል፣ ምን ይሆናል?» ነው የምትለው። የአባቷ ልጅ ናት።

ከዚያ ወዲህ ቤታችን ሕግ አለው፤ ለሰው ይጠቅም እንደሆነ ልጻፈው። መኪና ላይ የተጀመረን ሥራ የጀመረው ሰው ራሱ ይጨርሳል፤ ለምግብም ለሶላትም ቢጠራ ሲመለስ ያው ሰው ይቀጥለዋል፣ ኃላፊው እሱ ነውና። ዳዶ መኪናዋ ከክሪክ ወርዳ መሬት ከያዘች በኋላ ደግሞ ይጠብቃል፤ ጥቂት መንገድ ሄዳም እንደገና ይታያል። በሌላ ሰው እጅ ላይ እጅ መደረብ ስድብ መሆኑ ቀርቷል። ድምፅ የሰማ ሰው፣ ሴትም ትሁን ልጅ፣ ይናገራል፤ መኪናዋም ትቆማለች። ጥቅሙ ይህ ነው፦ ሌሊት ባሌ ሲዘገይ የማስበው አንድ ነገር ቀንሷል። ከዚህ የበለጠ ጥቅም አለው ብዬ አልዋሽም። ዘመዶቹ ተቀይመዋል፣ ግማሾቹ ቀርተዋል። ከግቢያችን ውጭ ያለው መኪና ሁሉ ደግሞ እንደ ድሮው ተጠግኖ እንደ ድሮው ይወጣል፤ በራችን ላይ ቆሜ ድምፁን እሰማዋለሁ፣ ለማን እንደምናገር አላውቅም።

ሐጂ ለአሚኑ ራሳቸው ሊነግሩት ቃል ገቡልኝ። ሱቁ ሄዱ፤ ስኳር ገዝተው ተመለሱ። ደግመው ሄዱ፤ ደግመው ስኳር ገዙ። ሚስታቸው ከድጄ «ሐጂን ምን ነካቸው፣ ሁልጊዜ ስኳር?» ብላ ጠየቀችኝ። ዓመቱ ዞሮ አረፋ መጣ።

የመጡት ጥቂቶች ናቸው። ከመርካቶ የመጣው የሙስተፋ አጎት ልጅ ሙባሪክ የኋላውን ጎማ ፍሬን ፈቶ ሠርቶ ጎማውን መለሰ፤ ዳዶዎቹን በጣቱ አስያዘና ሕጋችንን ትቶ እንደ ድሮው ወግ መፍቻውን ለሐጂ ዘረጋ። አሚኑ ክራንቹን አጠገቡ አጋድሞ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ሐጂ መፍቻውን ተቀበሉት፤ ጎማውን አዩ፣ አሚኑን አዩ። አፋቸውን ከፈቱ፣ ቃል አልወጣቸውም።

ከጓዳ ወጣሁ። «አሚኑ፣ ያን ጊዜ ጎማህን መጨረሻ ያጠበቁት ሐጂ ናቸው» አልኩ። «አልጠበቀም ነበር። እዚህ ያለነው ሁሉ እናውቅ ነበር። ዝም አልንህ።»

ሙባሪክ «አንቺ ሴትዮ! በአረፋ ቀን? ወንዶች በተሰበሰቡበት?» ብሎ ተነሳብኝ።

«ተዋት» አሉ ሐጂ። «እኔ ያቃተኝን ነው የተናገረችልኝ። እውነት ነው፣ አሚኑ። አፉ በለኝ።»

አሚኑ ሐጂን አላያቸውም። ዓይኑን ሙስተፋ ላይ አደረገ። «የጎማውንስ ገምቼ ነበር» አለ። «እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው። ያን ቀን ከጭነቱ ላይ ሆኜ ‹ጎማው ይጮኻል፣ አቁም› እያልኩ ጋቢናውን ስደበድብ፣ ሰምተኸኝ ነበር?»

ሙስተፋ መሬት መሬቱን አየ። አሚኑ ጥቂት ጠበቀው። ከዚያ ክራንቹን አንስቶ፣ ማንንም ሳይሰናበት በበሩ ወጣ። ምግቡ ቀርቧል፣ ግን የተነሳ ሰው የለም።

ሐጂ መፍቻውን ሰጡኝ። ተቀበልኩና ጎማው ሥር ተንበርክኬ የመጀመሪያውን ዳዶ ማጥበቅ ጀመርኩ።